ልጆቻችሁን ልትጠይቁ እንግሊዝ ስትሄዱ፦ የደርቢሽርን ጥንታዊ ወፍጮዎችና ፋብሪካዎች እንዴት ታያላችሁ?

ጎረቤቴ ሰሞኑን ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ "ቪዛው ወጣልኝ" ብላ መጣች። ልጇ ኖቲንግሃም ነው የሚኖረው። "ሱቅ ለሱቅ ከምዞር ምን ልይ?" አለችኝ። የእኔ ልጅ የምትኖረው ደርቢሽር በሚባለው የእንግሊዝ ግዛት ውስጥ፣ ደርቢ ከተማ ስለሆነ ሁለት ክረምት እዚያ ከርሜያለሁ። የማውቀውን ነገርኳት። "ይሄንንማ ጻፊው" አለችኝ። ከደሴም ከኮምቦልቻም ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ እናት አባት ብዙ ነው፤ እነሆ ጻፍኩት።

ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈተላ ክፍል 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማሳያችሁ የክር መንገድ ነው። ቻትስዎርዝ የሚባል ትልቅ የመስፍን ቤት አለ፤ እሱን ልጆቻችሁ ሳትጠይቋቸውም ይወስዷችኋል። ከዚያ በፊት ወፍጮዎቹን እዩ። እንግሊዞች እህል የሚፈጭበትንም ክር የሚፈተልበትንም ቤት በአንድ ቃል "ሚል" ይሉታል። ሁለቱንም ያዞር የነበረው ውሃ ነዋ። ወንዙ ደርዌንት ይባላል። ከማትሎክ ባዝ እስከ ደርቢ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ፋብሪካ በፋብሪካ ነው። ዩኔስኮ በ2001 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ደርቢ ከተማ ያለውን የሐር ፋብሪካ እዩ። ጆን ሎምብ የሚባል ሰው ጣሊያን ሄዶ የሐር መፍተያውን መኪና አሠራር ሰልሎ መጣ ይባላል። ፋብሪካው በ1721 አለቀ። በ1910 ስለተቃጠለ ዛሬ የሚታየው በአብዛኛው እንደገና የተሠራ ነው። ከድሮው የቀሩት ማማውና ውሃ ዳር ያሉት የድንጋይ ቅስቶች ናቸው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሲገቡ ግዙፍ የአውሮፕላን ሞተር ከላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል።

ሙሉ ቀን የምትሰጡት የጥጥ ፋብሪካ ላለበት ለክሮምፎርድ መንደር ነው። ከደርቢ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከጣቢያው ፋብሪካው ድረስ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ጫማችሁ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ግቢው ድንጋይ ነው። ሹራብም ያዙ። በሐምሌ የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ የሚኖረው ዓይነት ብርድ እዚያም በበጋቸው ድንገት ይመጣል።

ሪቻርድ አርክራይት ፀጉር ቆራጭና ዊግ ሠሪ ነበር። በ1771 እዚህ ቦታ በውሃ ጉልበት ጥጥ የሚፈትል ፋብሪካ ተከለ። ከመግባታችሁ በፊት መንገዱ ላይ ቁሙና ግንቡን እዩ። ወደ መንገዱ በኩል ታችኛው ፎቅ መስኮት የለውም፤ ምሽግ ነው የሚመስለው። በዚያ ዘመን እንጀራችንን ቀማን ብለው የፋብሪካ መኪና የሚሰባብሩ ሰዎች ነበሩ።

ቀጥሎ ውሃውን ተከተሉ። አንዱ ምንጩ ከእርሳስ ማዕድን ዋሻ የሚወጣ ውሃ ነበር። ከመሬት ሆድ ስለሚመጣ ለብ ያለ ነው፤ በክረምታቸው አይረጋም። ወንዙ በረዶ ሲሆን የአርክራይት መኪና ይዞር ነበር። መንገዱን ከላይ የሚሻገር የብረት ቦይም አለ፤ ቀና ብላችሁ እዩት።

የመኪናውን ነገር ግን ማንም አስጎብኚ እኔ እንደምነግራችሁ አይነግራችሁም። እናቴ በእንዝርት ስትፈትል ባዘቶውን በሁለት ጣቷ ትስበዋለች፤ ቀጭን ሲሆንላት እንዝርቱ ያከረዋል። አርክራይት የእናቴን ጣቶች በሮለር ተካቸው። ጥንድ ጥንድ ሮለሮች ተደርድረዋል፤ የፊተኛው ጥንድ ከኋለኛው ይፈጥናል። በፍጥነታቸው ልዩነት ጥጡ ይሳባል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያ እንዝርቱ ያከረዋል። ኮምቦልቻ ስሠራበት የነበረው መኪናም ጥጡን የሚስበው በዚሁ ዘዴ ነው። የመኪናው ሥዕል ፊት ቆሜ እጄ ሳላስበው የተበጠሰ ክር ሊቀጥል ተነሳ።

ሁለት ነገር ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። አንደኛው ጥጡ ከየት መጣ የሚለው ነው። እንግሊዝ ጥጥ አይበቅልም። ብዙው ከባሕር ማዶ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከለቀሙት ነበር። ሁለተኛው ማን ይሠራ ነበር የሚለው ነው። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ሥራው ሌሊትም አይቆምም ነበር። እኛ በሌሊት ፈረቃ ዓይናችን ሲንገበገብ አዋቂዎች ነበርን። እነሱን አስቡ።

ከዚያ ወደ መንደሩ ውጡና ኖርዝ ስትሪትን እዩ። በ1776 ገደማ ለሠራተኞች የተሠሩ ባለ ሦስት ፎቅ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ላይኛው ፎቅ ላይ ሰፋ ያለ ረድፍ መስኮት አለ። ብርሃኑ ለሽመና ነው። ሴቶቹና ልጆቹ ፋብሪካ ሲፈትሉ ባሎቹ እዚያ ይሸምኑ ነበር። አሁንም ሰው ይኖርበታል፤ መስኮት ተጠግታችሁ አትዩ። ለእኔ ከፋብሪካው ይልቅ ልቤን የነካው ይሄ መንገድ ነው።

ስትመለሱ መንገድ ላይ ቤልፐር ከተማ ውረዱ። ኖርዝ ሚል የሚባለው የጥጥ ፋብሪካ በ1804 ከእሳት በኋላ እንደገና ሲሠራ ምሰሶውን ብረት፣ ጣሪያውን የጡብ ቅስት አደረጉት። የጥጥ ብናኝ እንዴት እንደሚቀጣጠል ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ከውጭ ማየት ይበቃል። የፈረስ ጫማ የሚመስለውን የወንዝ ግድብም እዩ።

መኪና ያለው ልጅ ካላችሁ ደግሞ የእህል ወፍጮዎቹን ጨምሩ። ሄጅ የሚባል መንደር ላይ በ1797 የተሠራ ባለ ስድስት ክንፍ የነፋስ ወፍጮ አለ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚያንቀሳቅሱት። ሃርድዊክ ሆል ቤስ የምትባል ባለጸጋ ሴት በ1590ዎቹ ያሠራችው ቤት ነው፤ ከግድግዳው መስታወቱ ይበዛል። የስሟን ፊደል ማማዎቹ አናት ላይ አስቀርጻዋለች። እዚያው ርስቱ ላይ ስቴይንስቢ የሚባል የውሃ ወፍጮ አለ። መንኮራኩሩ ሲዞር የዱቄቱ ሽታ የሀገር ቤት ወፍጮን ያስታውሳል። ወፍጮዎቹ በክረምታቸው ስለሚዘጉ ልጆቻችሁ አስቀድመው ይደውሉላችሁ።

ሰዓቱን ልብ በሉ። "10 ሰዓት ይከፈታል" ካሏችሁ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ባቡር ከጠዋቱ የሥራ ግርግር በኋላ ይረክሳል። 60 ዓመት የሞላው ቅናሽ የሚያስገኝ ካርድ መግዛት ይችላል። እንግሊዝኛ ባይሆንላችሁም አብሽሩ። "ፋብሪካ ሠርቻለሁ" የሚለውን ብቻ አጥኑ። እኔ ያንን ስላቸው ሽማግሌዎቹ አስጎብኚዎች ወንበር አምጥተው ያጫውቱኝ ጀመር።

ክሮምፎርድ ጣቢያ ላይ የሚሄደውም የሚመጣውም ባቡር በአንዱ ሐዲድ ነው የሚያልፈው። ከመሳፈራችሁ በፊት ወደ ደርቢ የሚሄደው መሆኑን ጠይቁ። ካመለጣችሁ ቀጣዩ አንድ ሰዓት ያህል ያስጠብቃል፤ ቆሎ ያዙ።