ስታስነጥሺ ሽንት ጠብ ይልብሻል? ከወር አበባ እስከ ማረጥ የሚሠራ እንቅስቃሴ

ስታስነጥሺ፣ ስታስይ ወይም ከት ብለሽ ስትስቂ ሽንት ያመልጥሻል? ብዙ ሴት ይህን ለባሏም ለእህቷም አትናገርም። "ወልጄ ነው፣ ምን ይደረግ" ብላ በየቀኑ ሞዴስ እያደረገች ትኖራለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ከታች ሆነው ማህፀንን፣ ፊኛንና አንጀትን ደግፈው የያዙት ጡንቻዎች ላይ ነው። ጡንቻ ደግሞ ሲያሠሩት ይጠነክራል፣ በ20ም በ60ም።

መጀመሪያ እናግኘው። ጉልበትሽን አጥፈሽ በጀርባሽ ተኚ። ሰው መሀል ተቀምጠሽ ፈስ መጣብሽ እንበል (ይቅርታ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም)። እንዳያመልጥሽ የምትቋጥሪው ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። እሱን እንደቋጠርሽ ሽንትም እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው። ቂጥሽ ከተጨበጠ፣ ጭንሽ ከተጣበቀ ወይም ትንፋሽሽን ከያዝሽ ሌላ ጡንቻ እያሠራሽ ነው። ልቀቂና እንደገና ጀምሪ። እየሸናሽ መሀል ላይ እያቋረጥሽ ግን አትለማመጂ፣ ፊኛሽ በደንብ ሳይራገፍ ይቀራል።

አሁን እስከ 5 እየቆጠርሽ ያዢ፣ ከዚያ 5 እስክትቆጥሪ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። መልቀቁን አትዝለዪው፣ ግማሹ ሥራ እሱ ነው። እንዲህ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ቀጥሎ ቶሎ ቶሎ ያዝ ለቀቅ 10 ጊዜ። በቀን 3 ዙር ይበቃል። እየጠነከረ ሲሄድ እስከ 10 ቆጥረሽ ያዢ። ቡናው እስኪፈላ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ትሠሪዋለሽ፣ ማንም አያውቅብሽም። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ልምምድ ከጻፈ ወዲህ በስሙ ኬግል ይሉታል። ለውጡን ለማየት ቢያንስ 3 ወር ስጪው። ሁለት ሳምንት ሠርቶ "ምንም አልጠቀመኝም" ማለት አይሠራም።

አንድ ዘዴ ልጨምር። ማስነጠስሽ ሲመጣ፣ ወይም ጀሪካን ልታነሺ ስትይ፣ ቀድመሽ ቋጠር አድርጊና ከዚያ። ውሃ መቀነስ ግን መፍትሔ አይደለም። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያናድዳል፣ የሆድ ድርቀትም ያመጣል፣ ሽንት ቤት ማማጥ ደግሞ እነዚሁኑ ጡንቻዎች ይጎዳል።

ሁሉም ሴት ግን መቋጠር አያስፈልጋትም። ግንኙነት የሚያምሽ ከሆነ ወይም ታችሽ ሁልጊዜ የተወጠረ ከመሰለሽ ጡንቻው ደክሞ ሳይሆን መላላት አቅቶት ሊሆን ይችላል። ያኔ ኬግል ሊያባብሰው ይችላል። መጀመሪያ ባለሙያ ይይሽ።

ወጣቶቹ ጋ ብዙ አልቆይም። ለወር አበባ ቁርጠት ሆድ ላይ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ማድረግ፣ መራመድና ወገብን ማፍታታት ይረዳል። ገመድ ዝለሉ፣ ሩጡ። አብዛኛው የአጥንት ጥንካሬ የሚጠራቀመው በጉርምስናና በ20ዎቹ ነው።

እርግዝና ላይ ሐኪም ካልከለከለሽ ተንቀሳቀሺ፣ በሳምንት ወደ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ጥሩ ነው። ዳሌሽ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋሽ ከሆነ አልጋ ላይ ስትገላበጪ ጉልበቶችሽን ገጥመሽ ተገላበጪ፣ ሱሪ ስትለብሺ ቁጭ በዪ፣ ስትተኚ በጉልበቶችሽ መሀል ትራስ አድርጊ። ደም ከታየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ አቁመሽ ወደ ሐኪም ሂጂ።

አራስ ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ። እናቶቻችን አራስን በገንፎና በአጥሚት ያሳርፏታል፣ እሰየው፣ ዕረፍቱ ያስፈልጋታል። ግን ልጁ 40 ወይም 80 ቀኑ ደርሶ ክርስትና እስኪነሳ አልጋ ላይ መዋል እግር ላይ ደም እንዲረጋ በር ይከፍታል። ቤት ውስጥም ቢሆን ወዲያ ወዲህ በዪ። ሽንት ያለ ቱቦ መሽናት ከጀመርሽና ካላመመሽ ቀለል ያለ መቋጠር በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጀመር ይቻላል። በኦፕራሲዮን የወለድሽም አልቀረልሽም፣ ዘጠኝ ወር የተሸከመው ያው ጡንቻ ነው። ከአልጋ ስትነሺ ቀጥ ብለሽ አትነሺ። በጎንሽ ዙሪ፣ እግርሽን አውርጂ፣ በክንድሽ ተደግፈሽ ተነሺ። ለ6 ሳምንት ያህል ከልጅሽ የከበደ ነገር አታንሺ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑን ቤት ላለው ሁሉ ንገሪ!

ሆድሽ አልገባ ካለ ደግሞ በጀርባሽ ተኝተሽ ጭንቅላትሽን ቀና አድርጊ፣ በጣትሽ እምብርትሽ ላይና ታች መሀሉን ዳብሺ። ከወለድሽ ሁለት ወር አልፎም ከሁለት ጣት በላይ ክፍተት ካለ የሆድሽ ጡንቻዎች ተለያይተው አልተመለሱም ማለት ነው። መቀነት ማሰር ለጊዜው ይደግፋል፣ ጡንቻውን ግን አያሠራልሽም። ሲትአፕ (በጀርባ ተኝቶ ቀና እያሉ መቀመጥ) ተዪ። ትንፋሽ እያወጡ የታችኛውን ሆድ በቀስታ መሳብ ይሻላል።

ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፣ አጥንት ይሳሳል። እማማ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ 10 ጊዜ ይሥሩ፣ ከቻሉ እጃቸውን ሳይደገፉ። ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆምም ከመውደቅ ያድናል።

ከታች የሚወርድ ነገር ከተሰማሽ ወይም ቀባ ቀባ ያለ ደም ካየሽ፣ በተለይ ካረጥሽ በኋላ፣ እንቅስቃሴ አይበቃም፣ ታከሚ። ከባድ ምጥ ካለፈ በኋላ ሌት ተቀን ሽንት የሚፈስ ከሆነ ፌስቱላ፣ ማለትም በምጥ ምክንያት በፊኛና በብልት መሀል የሚፈጠር ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። ሃምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል አዲስ አበባ፣ ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይ በነፃ ያክማል።

ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ስትሄጂ ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ስንቴ እንደሸናሽና ምን ስታደርጊ እንዳመለጠሽ ጽፈሽ ያዢ። ሴት ባለሙያ መጠየቅ ነውር አይደለም። በውስጥ መመርመር ካልፈለግሽ እምቢ በዪ፣ ከውጭ በማየትና በጥያቄም ብዙ ነገር ይታወቃል።