ክለብዎ ዕዳ ውስጥ መግባቱን ከዜናው ቀድሞ ማወቅ፦ ለእንግሊዝ ክለቦች ደጋፊዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ኦገስት 27 ቀን 2019 የእንግሊዝ እግር ኳስ ሊግ በ1885 የተመሠረተውንና የኤፍኤ ዋንጫን ሁለት ጊዜ ያነሣውን በሪን ከአባልነት ሰረዘው። ክለቡ በዚያው ዓመት ወደ ሦስተኛው እርከን አድጎ የነበረ ቢሆንም፣ ከወራት በፊት በ1 ፓውንድ የገዛው ስቲቭ ዴል ዕዳውን የሚከፍልበትና የውድድር ዓመቱን የሚጨርስበት ገንዘብ መኖሩን ሊያረጋግጥ አልቻለም። በዚያው ዕለት ደጋፊዎች ክለቡ ለሌላ ይሸጣል፣ ጨዋታም ይኖራል ብለው መጥረጊያ ይዘው ጊግ ሌን ስታዲየምን ሲያጸዱ ነበር። ስታዲየሙ ለአበዳሪ በመያዣነት መሰጠቱ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያየው በሚችል የመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር።

ይህ መመሪያ ያንን መዝገብ እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ያስረዳል፤ ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በአገራችን አብዛኞቹ ታላላቅ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮች፣ በመንግሥት ተቋማት ወይም በድርጅቶች በጀት ስለሚንቀሳቀሱ፣ የክለብን የሒሳብ ሰነድ አውጥቶ ማንበብ የደጋፊ ልማድ አልሆነም። የእንግሊዝ ክለብ ግን በሕግ ፊት እንደማንኛውም የንግድ ድርጅት ኩባንያ በመሆኑ ሒሳቡን በየዓመቱ ለመዝገብ ቤት የማስገባት ግዴታ አለበት፤ አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ የሚኖር ደጋፊ በስልኩ ከፍቶ ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል። ለዚህ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ የት የት እንደሚታይ ማወቅ ይበቃል።

ከመነሻው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አዲስ ባለቤት ሲመጣ ደጋፊው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሰውዬው ስንት ቢሊዮን አለው?» ብሎ ነው። የሰውየው ሀብት የሰውየው እንጂ የክለቡ ስላልሆነ፣ ይህ ከጥያቄዎች ሁሉ ጥቅሙ ያነሰው ነው። የሚጠቅሙት ሦስት ናቸው፦ ክለቡ የማን ዕዳ አለበት፣ ዕዳው የሚከፈለው መቼ ነው፣ ስታዲየሙስ በማን ስም ተመዝግቧል?

ትክክለኛውን ኩባንያ ማግኘት

ሰነዶቹ የሚገኙት ካምፓኒስ ሃውስ በተባለው የብሪታንያ የኩባንያዎች መዝገብ ቤት ድረ ገጽ ላይ ነው። የክለቡን ስም ሲያስገቡ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ኩባንያ ይመጣል፤ አንዱ ቡድኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሌላው ስታዲየሙን የያዘው፣ ሌላው ደግሞ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው እናት ኩባንያ ሊሆን ይችላል። ጀማሪ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሮማን አብራሞቪች ዘመን ቡድኑን የሚያንቀሳቅሰውን የቼልሲ ኩባንያ ሰነድ ብቻ ያየ ሰው ዋናውን ነገር ያልፈዋል፤ ባለቤቱ ያበደረው 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚሆን ገንዘብ የተመዘገበው ፎርድስታም በተባለው እናት ኩባንያ ላይ ነበርና።

ስለዚህ ኩባንያውን የሚቆጣጠሩትን ሰዎች የሚዘረዝረውን ገጽ ከፍተው ከ25 በመቶ በላይ ድርሻ ያለው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ባለድርሻው ራሱ ሌላ ኩባንያ ከሆነ የእሱንም መዝገብ ይክፈቱ፤ የሰው ስም እስኪያገኙ ወይም ዱካው ወደ ውጭ አገር እስኪሻገር ድረስ እንዲሁ ይቀጥሉ። ዱካው ባሕር ተሻገረ ማለት የግድ ነውር አለ ማለት አይደለም። የማንቸስተር ዩናይትድ እናት ኩባንያ በኬይማን ደሴቶች የተመዘገበ ነው፤ አክሲዮኑ ከ2012 ጀምሮ በኒውዮርክ ገበያ ስለሚሸጥ ግን በየሩብ ዓመቱ ሒሳቡን ያወጣል፤ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ክለቦች ይልቅ ለማንበብ የሚመቸው እሱ ነው።

ቀጥሎ ቀኑን ይዩ። የግል ኩባንያ የሒሳብ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ 9 ወር ይሰጠዋል፤ ዓመቱን ጁን 30 የሚዘጋ ክለብ ሰነዱን እስከ ማርች 31 ማስገባት አለበት ማለት ነው። ቀነ ገደቡ ካለፈ መዘግየቱ እዚያው ገጹ ላይ ይጻፋል። የመዘግየት ቅጣቱ ከ150 ፓውንድ የሚጀምር በመሆኑ ክለብን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ደጋፊን ሊያሳስበው የሚገባው ሰነዱ የዘገየበት ምክንያት ነው፤ ኦዲተሩ ሳይፈርም የቆየው ባለቤቱ ለቀጣዩ ዓመት ገንዘብ እንደሚያቀርብ ማረጋገጫ አጥቶ ሊሆን ይችላልና።

የመያዣዎች ዝርዝር

ጊዜ ካጡና አንድ ገጽ ብቻ የሚያዩ ከሆነ የመያዣዎችን ዝርዝር ይክፈቱ። አበዳሪ የኩባንያን ንብረት በመያዣነት ሲይዝ ውሉ በ21 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ይህ ገጽ ከዓመታዊው ሒሳብ ይልቅ ሁልጊዜ ትኩስ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ውሉ የተፈረመበት ቀን፣ የአበዳሪው ስም፣ እንዲሁም ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ ወይም ያልተዘጋ መሆኑ ይታያል። ከጎኑ ያለውን ፒዲኤፍ ሲከፍቱ ደግሞ በመያዣነት የተሰጠው ምን እንደሆነ፣ መሬት ከሆነም የይዞታው መለያ ቁጥር ጭምር ተጽፎ ያገኛሉ። በዚያ ቁጥር የመሬት መዝገብ ቤቱን ቅጂ በጥቂት ፓውንድ መግዛትና ስታዲየሙ በማን ስም እንዳለ በዓይን ማየት ይቻላል።

ማንኛውም መያዣ አስደንጋጭ ነው ማለት አይደለም። ክለብ ከተጫዋች ሽያጭ ወይም ከቴሌቪዥን መብት ወደፊት የሚደርሰውን ገንዘብ አስይዞ ከባንክ መበደሩ የተለመደ ነው። ሊያሳስብ የሚገባው የአበዳሪው ዓይነት ሲለወጥ ነው፤ ትላልቆቹ ባንኮች ከዝርዝሩ ወጥተው በምትካቸው ለአጭር ጊዜ በከፍተኛ ወለድ የሚያበድሩ ድርጅቶች ሲገቡ፣ መያዣውም ስታዲየሙ ራሱ ሲሆን፣ ክለቡ የደመወዝ ቀንን ለማለፍ እየተበደረ እንደሆነ ቢጠረጥሩ አይፈረድብዎትም።

ዓመታዊውን ሒሳብ ማንበብ

የሊቀመንበሩን መልእክት ይዝለሉት፤ በዚያ ገጽ ላይ የተከፋ ክለብ የለም። በቀጥታ ወደ ኦዲተሩ ሪፖርት ሄደው የሥራ ቀጣይነትን የሚመለከተውን አንቀጽ ይፈልጉ። ኦዲተሩ ኩባንያው በቀጣዮቹ 12 ወራት ሥራውን ስለመቀጠሉ ጉልህ ጥርጣሬ የሚያሳድር ሁኔታ አለ ብሎ ከጻፈ፣ ማስታወሻውን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ክለቡ ሕልውናው በአንድ ሰው ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ቃላቱን ልብ ይበሉ፦ ባለቤቱ ድጋፉን ለመቀጠል «ሐሳብ አለው» መባሉና በጽሑፍ የጸና ግዴታ መግባቱ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈለውን ዕዳ ካለው ጥሬ ገንዘብ ጋር ያነጻጽሩ። የባለቤቱ ብድር እንደተጠየቀ ወዲያው የሚከፈል ነው ወይስ ወደ አክሲዮን ይቀየራል፣ ወለድስ ይታሰብበታል የሚለው በማስታወሻዎቹ ውስጥ ተጽፏል። የደመወዝን ድርሻ ለማወቅ ጠቅላላ ደመወዙን ለገቢው ያካፍሉ፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በውድድሮቹ ለሚሳተፉ ክለቦች ለቡድን ወጪ ያስቀመጠው ጣሪያ 70 በመቶ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ሁለተኛው እርከን በቻምፒዮንሺፕ ግን ደመወዙ ብቻ ከገቢው የበለጠባቸው ክለቦች ብዙ ናቸው። ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለመግባት የሚደረግ ቁማር ነው፤ የሚያሲዙት ግን ክለቡን ነው።

ትርፍ የሚለውን ቃል ሲያዩም አይቸኩሉ። በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቶ ለ5 ዓመት የፈረመ ተጫዋች በሒሳቡ ላይ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ ሆኖ ይከፋፈላል፤ ከአካዳሚው ያደገ ልጅ ሲሸጥ ግን ዋጋው በሙሉ ማለት ይቻላል በዚያው ዓመት ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። ደጋፊ የሚወደው የሰፈሩ ልጅ ሒሳቡ በሚዘጋበት በጁን መጨረሻ ለምን እንደሚሸጥ የሚያስረዳው ይህ ነው።

ስታዲየሙ የማን ነው?

ደርቢ ካውንቲ በ2018 ፕራይድ ፓርክን ሸጠ። ገዢው የክለቡ ባለቤት የሜል ሞሪስ ሌላ ኩባንያ ሲሆን ዋጋው ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ክለቡ በዚህ ሽያጭ ምክንያት ኪሳራ ሊያሳይ በሚገባው ዓመት ትርፍ አሳየ፤ ከሊጉ የኪሳራ ጣሪያም አመለጠ። ሰውየው ከግራ ኪሱ አውጥቶ ወደ ቀኝ ኪሱ የከተተው ቢመስልም ውጤቱ ከባድ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2021 ክለቡ በኪሳራ አስተዳዳሪ (ዕዳውን መክፈል ያቃተውን ኩባንያ ተረክቦ በሚያስተዳድር ባለሙያ) እጅ ሲገባ ለገዢ የሚቀርበው ክለብ ስታዲየም የሌለው ሆኖ ተገኘ፣ ድርድሩም በሁለት ተከፈለ። ዴቪድ ክላውስ የተባለው የአካባቢው ነጋዴ በ2022 አስቀድሞ ስታዲየሙን፣ ከዚያም ክለቡን እስኪገዛ ድረስ ደርቢ 21 ነጥብ ተቀንሶበት ወደ ሦስተኛው እርከን ወርዷል። ሼፊልድ ዌንስዴይም ሂልስቦሮን ለባለቤቱ ለዴጅፎን ቻንሲሪ ኩባንያ ሸጦ ነበር፤ በ2025 የተጫዋቾች ደመወዝ በተደጋጋሚ ከዘገየና ደጋፊው ስታዲየም ከመግባት ካደመ በኋላ፣ በኦክቶበር ክለቡ የኪሳራ አስተዳዳሪ ተሾመለት፤ 12 ነጥብም ተቀነሰበት።

የዚህ ተቃራኒ ቼልሲ ነው። የስታምፎርድ ብሪጅ ሜዳ ባለቤት ክለቡ ሳይሆን ደጋፊዎች አክሲዮን የገዙበት ቼልሲ ፒች ኦውነርስ የተባለ ድርጅት ነው፤ ክለቡ ከዚያ ቢለቅ ስሙን ይዞ እንዳይሄድም የስሙ መብት በድርጅቱ እጅ ተይዟል። በ2011 ክለቡ መሬቱን መልሶ ለመግዛት ሲጠይቅ ባለአክሲዮኖቹ የሚያስፈልገውን የ75 በመቶ ድምፅ ከለከሉት። አብራሞቪች በኃይሉ ዘመን እንኳ ሊያልፈው ያልቻለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ የደጋፊዎች ድምፅ ነው።

በመዝገቡ ላይ የማይገኙ ምልክቶች

ሒሳቡ የሚነግርዎት ያለፈውን ዓመት ነው። ለዛሬው ሌሎች ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ዘ ጋዜት የተባለው የብሪታንያ መንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ ነው፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ ወይም ሌላ ገንዘብ ጠያቂ ኩባንያው ይፍረስልኝ የሚል አቤቱታ ለፍርድ ቤት ሲያቀርብ በዚያ ይታወጃል። ሁለተኛው በእግር ኳስ ሊጉ ድረ ገጽ ላይ ያለው የዕገዳ ዝርዝር ነው፤ ከቻምፒዮንሺፕ እስከ አራተኛው እርከን እስከ ሊግ ቱ ካሉት ክለቦች ተጫዋች እንዳያስመዘግቡ የታገዱት ከነምክንያታቸው ተጽፈው ይገኛሉ። ግብር የማይከፍል ክለብ ደመወዝ ማቋረጡ አይቀርም፤ በእንግሊዝ እግር ኳስ ደንብ መሠረት ተጫዋቾችና ሌሎች ክለቦች ገንዘባቸውን በሙሉ ስለሚያገኙ ግን የሚጎዳው ዳቦ ያቀረበው፣ ሣሩን ያጨደው፣ በጨዋታ ቀን አምቡላንስ ያቆመው ነው። ፖርትስመዝ በ2010 ሲከስር ለእንደነዚህ ያሉት ገንዘብ ጠያቂዎች የተስማማው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 20 ፔኒ ሊከፍል ነው።

መደራጀት

ምልክቱን ያየ ደጋፊ ብቻውን የሚያደርገው ጥቂት ነው፤ የደጋፊዎች ትረስት (ደጋፊዎች በጋራ የሚመሠርቱት ማኅበር) ካለ ይግባ፣ ከሌለ ያቋቁም። ትረስቱ አንድ አባል አንድ ድምፅ በሚል መርህ በሕግ የሚመዘገብ ሲሆን፣ ጥቅሙ የሚታየው ቀውሱ ከመምጣቱ በፊት የተቋቋመ እንደሆነ ነው። ፖርትስመዝ በ2012 ለሁለተኛ ጊዜ በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ሲወድቅ ትረስቱ አስቀድሞ ስለነበረ ከ2,000 በላይ ደጋፊዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ አዋጥተው በ2013 ክለቡን ገዙት። በ2017 የሊግ ቱ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በአባላቱ ድምፅ ለአሜሪካዊው ባለሀብት ለማይክል አይስነር ኩባንያ ሸጡት። ደጋፊ ክለብን ለዘላለም መያዝ አለበት ብዬ አላምንም፤ ዋናው ቁም ነገር ዕዳ የሌለበትን ክለብ ለማን እንደሚሸጡ የመምረጥ ዕድል ማግኘታቸው ነው።

ትረስቱ መጀመሪያ ሊሠራው የሚገባው ስታዲየሙን በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት በአካባቢው ምክር ቤት የማኅበረሰብ ጥቅም ያለው ንብረት አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ምዝገባው 5 ዓመት ይጸናል፤ ባለቤቱ ሊሸጥ ሲነሣ የማኅበረሰቡ ቡድን ፍላጎቱን ለመግለጽ 6 ሳምንት፣ ከገለጸ ደግሞ ገንዘብ ለማሰባሰብ በአጠቃላይ 6 ወር ያገኛል። ባለቤቱ ለእነሱ እንዲሸጥ አያስገድደውም፤ በድንገት እንዳይሸጥ ግን ያደርገዋል። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድን በ2013 በዚህ መንገድ አስመዝግበውታል።

ለክለቡ ደብዳቤ ሲጽፉ ስሞታ ሳይሆን በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ይጻፉ፤ የብድሩ ወለድ ስንት ነው፣ የስታዲየሙ ኪራይ ውል መቼ ያልቃል፣ መያዣው ለምን ተሰጠ። መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በጁላይ 2025 በጸደቀው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ የተቋቋመው ገለልተኛ ተቆጣጣሪ በአምስቱ ከፍተኛ እርከኖች ባሉ ክለቦች ላይ ሥልጣን ስላለው፣ ያልተመለሰ ደብዳቤ ከነቀኑ ወደፊት ማስረጃ ይሆናል። ተቆጣጣሪው የአዲስ ባለቤትን የገንዘብ ምንጭ ይመረምራል፤ ክለቦችም ያለ እሱ ፈቃድ ስታዲየማቸውን ሊሸጡ አይችሉም።

ሕጉ ግን የክለቡን ዓርማና የመለያ ቀለም ለመቀየር የደጋፊ ድጋፍ ሲጠይቅ የሚቆጥረው በእንግሊዝና በዌልስ የሚኖረውን ደጋፊ ነው። ሌሊቱን ነቅቶ ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን የሚከታተለው ሰው በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለም። ለእሱ ክፍት ሆነው የቀሩት መንገዶች የውጭ አገር ነዋሪን በሚቀበሉ ትረስቶች አባል መሆን፣ የቼልሲ ደጋፊ ከሆነም የፒች ኦውነርስን አክሲዮን መግዛት፣ ከሁሉም ቀላሉ ደግሞ ማርች ሲያልቅ የክለቡን ሰነድ አውርዶ ማንበብ ነው።