አፈጻጸሙ 98 በመቶ፣ ተገልጋዩ ግን ሰልፍ ላይ፦ በአፈጻጸም ምዘና ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዕቅድ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ግብ ተቀምጧል፣ ግቡ መሳካቱን የሚለካ አመልካች ወጥቷል፣ ለእያንዳንዱ አመልካች በመቶኛ ክብደት ተሰጥቷል፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይላካል። ሰኔ ላይ ሲደመር ውጤቱ ከ90 በላይ ነው። በዚያው ሰሞን በሩ ላይ የቆመው ሰው "ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ" ይባላል። ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ ነው ብዬ አላምንም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ምዘናው ላይ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት የተሠራውን ሥራ እንደ ውጤት መቁጠር ነው። አንድ የከተማ ውኃ አገልግሎት "3 ጉድጓድ መቆፈር" ብሎ አቀደ እንበል። ሦስቱም ተቆፈሩ፣ አፈጻጸም 100 በመቶ። ለፓምፑ ግን መብራት አልገባም። ውኃው እንደ ድሮው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። አመልካቹ "ቤተሰቡ በሳምንት ስንት ሰዓት ውኃ አገኘ" ቢሆን ኖሮ፣ የመብራቱ ጉዳይ ገና በመጀመሪያው ሩብ ዓመት አፍጥጦ ይወጣ ነበር። ሥልጠናም ያው ነው። "200 ሰው ሠለጠነ" ማለት ስንት ሰው አዳራሽ እንደገባ ይነግረናል እንጂ ከዚያ በኋላ ማን ሥራውን እንዳሻሻለ አይነግረንም። አመልካች ስታወጡ ይህን ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር ቢሞላ ተገልጋዩ ምን ያገኛል? መልስ ከጠፋ አመልካቹን ቀይሩት።

ሁለተኛው ስህተት ቢኤስሲን (ባላንስድ ስኮርካርድን፣ ማለትም የድርጅትን አፈጻጸም ከአራት ዕይታዎች አንጻር የሚመዝነውን ዘዴ) ቅጽ መሙያ ማድረግ ነው። የዘዴው አመንጪዎች ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርቡ፣ ድርጅቶች የሚያዩት ገንዘቡን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አያሳይም የሚል ቅሬታ ነበራቸው። አራቱ ዕይታዎች፣ ማለትም መማማርና ዕድገት፣ የውስጥ አሠራር፣ ተገልጋይና ፋይናንስ፣ እርስ በርስ የሚሳሳቡ ናቸው። ሠራተኛው ሲበቃ አሠራሩ ይቀላጠፋል፣ አሠራሩ ሲቀላጠፍ ተገልጋዩ ይረካል። እኛ ጋ ግን አራቱ ሳጥኖች ለየብቻ ይሞላሉ፤ ብዙ ጊዜም ከአምናው ኮፒ ተደርገው። ግንኙነቱን በአንድ ገጽ ሥዕል ማሳየት ካልቻላችሁ ስትራቴጂው ገና አልተሠራም ማለት ነው።

የአመልካች ብዛትም ይጎዳል። 40 አመልካች ባለበት ዋናው ጉዳይ 3 በመቶ ክብደት ይዞ ይቀበራል። "ሪፖርት በወቅቱ መላክ" ደግሞ እኩል ነጥብ ያስገኛል።

አራተኛው ስህተት አንድን ቁጥር ከሠራተኛው እንጀራ ጋር አጥብቆ ማሰር ነው። የአሜሪካው ባንክ ዌልስ ፋርጎ እያንዳንዱ ደንበኛ 8 የባንኩን አገልግሎቶች እንዲይዝ ይፈልግ ነበር። የቅርንጫፍ ሠራተኞች የሽያጭ ኮታ ተጣለባቸው፤ ያልሞላ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ብዙዎች ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ መክፈት ጀመሩ። ጉዳዩ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ወደ 5,300 የሚጠጉ ሠራተኞችን ማሰናበቱም ታወቀ። በ2020 ደግሞ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያን ሁሉ ዓመት ግን የሽያጩ ቁጥር ያማረ ነበር። ስለዚህ ኮታ ስታስቀምጡ ጥራቱን የሚያሳይ ሌላ አመልካች አጠገቡ አኑሩ። ስንት ሒሳብ ተከፈተ ብቻ ሳይሆን፣ ከ6 ወር በኋላ ስንቱ ይንቀሳቀሳል የሚለውንም እዩ።

የመጨረሻው ስህተት ግምገማው ላይ የሚሠራ ነው። የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ሥራ ሪፖርት ተጠናቅሮ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ኅዳር ይገባል። በዚያ ላይ ቁጥሩ የወረደበት ክፍል ኃላፊ በሰው ፊት ይወቀሳል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርቱን አሳምሮ ቢመጣ ምን ይገርማል? ሁለት ሦስት ወሳኝ አመልካቾችን ምረጡና በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ብቻ እዩአቸው። የት ደረስን? ምን ያዘን? ማን፣ እስከ መቼ ምን ያደርጋል? መልሱን ጻፉት፤ የቀጣዩን ሳምንት ስብሰባ ከዚያው ጀምሩ። ችግሩን ቀድሞ ያመጣውን ኃላፊ "ምን እናግዝህ?" በሉት።