የአውሮፓ ህብረት ውስጥ ስልጣኑ የማን እንደሆነ እንዴት መለየት ይቻላል

የህብረቱ ነገር ሲነሳ አንዱ "አገሮቹ ሉዓላዊነታቸውን አስረከቡ" ይላል ሌላው "ኧረ ምንም አልተነካባቸውም" ይላል፣ ሁለቱም አያስኬድም፣ ስልጣኑ በጅምላ ሳይሆን በየጉዳዩ ነው የተሰጠው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡና እንዴት እንደሚወሰን እዩ።

ጉምሩክና የውጭ ንግድ ከሆነ ህብረቱ ብቻውን ነው የሚወስነው፣ ፈረንሳይ ለብቻዋ የታሪፍ ስምምነት ልፈራረም ብትል አትችልም። ብዙው ህግ ደግሞ የአባል አገሮቹ ሚኒስትሮች በሚቀመጡበት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በልዩ አብላጫ ድምጽ ያልፋል፣ ማለትም ከ27ቱ 15 አገሮች ደግፈው ህዝባቸው ከጠቅላላው 65 በመቶ ከሞላ አለቀ፣ የተቃወመውም ይገዛበታል። ታክስና ውጭ ጉዳይ ላይ ግን በአብዛኛው ሁሉም መስማማት አለበት፣ ትንሿ ማልታም ማስቆም ትችላለች።

ከዛ አገሮቹ ለምን ስልጣን እንደሚሰጡ ወደሚያስረዳው ቲዎሪ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) የምሁሩ የኧርንስት ሃስ ኒዮፈንክሽናሊዝም የሚባለው ቲዎሪ የሚለው አንድ ዘርፍ ሲዋሃድ ሌላውን ይጎትታል ነው፣ በ1951 ስድስት አገሮች ከሰልና ብረት ላይ ተፈራረሙ፣ በ1957 ወደ ጋራ ገበያ ሄዱ። ሌላው ምሁር ስታንሊ ሆፍማን ደግሞ የአገር ህልውና የሚነካ ነገር ሲመጣ መንግስታት አይለቁም ይላል፣ ለዚህ ጥሩው ማሳያ 1965 ነው፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል በእርሻ ገንዘብና በአብላጫ ድምጽ ምክንያት የፈረንሳይን ተወካዮች ከምክር ቤቱ አስወጣ፣ የተመለሱት በ1966 መጀመሪያ ላይ በጣም ወሳኝ ብሄራዊ ጥቅም ያለበት ጉዳይ እስኪስማሙ ይወያዩበት ከተባለ በኋላ ነው።

የቱን ልጠቀም ካላችሁ፣ ጉዳያችሁ አዲስ ውል ከሆነ ከመንግስታቱ ድርድር፣ ማለትም ከሆፍማን ጀምሩ፣ የየቀኑ ህግ ከሆነ ግን ከሃስ ጀምሩ ባይ ነኝ። የህብረቱን ፍርድ ቤት ደግሞ በፍጹም አትዝለሉ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው! ጣልያን ኤሌክትሪክን ወደ መንግስት ስታዞር አንድ ዜጋ ሂሳቡን አልከፍልም ብሎ ነገሩ ሉክሰምበርግ ያለው ይሄ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ፍርድ ቤቱም በ1964 የማህበረሰቡ (የያኔው የህብረቱ መጠሪያ ነው) ህግ ከአገር ህግ ይበልጣል አለ፣ ውሉ ውስጥ ግን እንዲህ የሚል አንቀጽ አልነበረም። መንግስታት ቁጭ ብለው ያልፈረሙትን ነገር ዳኞች ወሰኑት፣ አገሮቹም ቅር እያላቸውም ቢሆን አብረውት ኖሩ። ይሄን በመንግስታት ድርድር ብቻ ላስረዳ የሚል ሰው ይቸገራል።

መጨረሻ ላይ መውጫውን እዩ። የህብረቱ ውል አንቀጽ 50 ማንም አባል መውጣት ይችላል ይላል፣ ብሪታንያም በ2016 ህዝበ ውሳኔ አድርጋ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች፣ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የአገሪቱ ነው ማለት ይቻላል። ግን እዛ ጋ አታቁሙ፣ ዛሬም እቃዋን ለህብረቱ ገበያ ስትሸጥ የገበያውን ደረጃ ማሟላት አለባት፣ ደረጃው ሲወጣ ግን ድምጽ የላትም።