ባለሁለት ሞላዋን አሮጌ ማውንቴን ስናሻሽል፦ ችግሩ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ማንኛዋም ሳይክል ትሄዳለች። መንገዱ ሜዳ ነው፣ የዛፍ ጥላ አለ። ነገር የሚመጣው ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም አንዱ ተነስቶ «ደንገጎ ተራራ ድረስ ወጥተን እንውረድ» ሲል ነው። ያኔ ግቢ ጥግ አቧራ ለብሳ የቆመችው ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ፊትም ኋላም ሞላ ያላት ማውንቴን (የተራራ ሳይክል) ትዝ ትላለች። «ቴላዮዋ (ዋናው አጽሟ) እኮ ደህና ነው አቦ፤ ትንሽ ዕቃ ቢቀየርላት...»

ቢቀየርላት ትሄዳለች። ግን ዕቃ ገዝቶ ከመጣ ሰው የምሰማው አቤቱታ ሁሌ አንድ ነው፤ ዕቃው አዲስ ነው፣ ውድ ነው፣ ግን አልገባም። ወይም ገባና ሌላውን አበላሸ። ዕቃው ጥፋት የለበትም። ችግሩ ያለው አዲሱ ከአሮጌው በሚጋጠምበት ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ በዓይን ግምት አይታወቅም። ከአዲስ አበባ በሰው የተላከ ወይም በጂቡቲ በኩል የመጣ ዕቃ «ልኩ አይደለም» ተብሎ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ይለካል፣ ከዚያ ይከፈላል። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) የሌላችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ቶርኖ ቤት ጎራ በሉ፤ መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አለች

ከዚህ የምጀምረው መልሱ «ተዉት» ሊሆን ስለሚችል ነው። ሳይክሏን እጠቡና በጠራራ ፀሐይ እዩዋት፦ ከመሪው በታች ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን፣ የኋላው ሞላ የታሰረበትን ጆሮ፣ የኋላው ክንድ የሚታጠፍበትን ዋና ማጠፊያ ዙሪያውን፣ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበትን ቦታ። መስመር ካያችሁ ጥፍራችሁን አሻግሩባት። ጥፍር ካልያዘች የቀለም ጭረት ልትሆን ትችላለች። ከያዘች፣ ወይም ጠርጋችኋት ስትነዱ ተመልሳ ዝገት ወይም ጥቁር ዱቄት ካወጣች፣ ስንጥቅ ናት።

ቀጥሎ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው፤ እጁ ጥሩ የሆነ በያጅ ይበይደዋል። ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ የበርና የመስኮት ብየዳ ለዚህ አይሆንም። በአርጎን ቢበየድ እንኳ እነዚህ ቴላዮዎች ፋብሪካ ውስጥ ከተበየዱ በኋላ በሙቀት የጠነከሩ ስለሆኑ አዲሱ ብየዳ ዙሪያውን ያለሰልሰዋል። ስንጥቁም ከጎኑ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቴላዮ ላይ አንድ ብር አታውጡ።

አዲሱ ፎርክ አልገባም፣ ወይም ገባና ሳይክሏ ተቀየረች

ፎርክ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ነው። አልገባ ካለ ጉዳዩ የፎርኩ አንገት፣ ማለትም ወደ መሪው ቱቦ የሚገባው ዘንግ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹና ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት የተሠሩት አብዛኞቹ ማውንቴኖች የሚቀበሉት ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ፣ 28.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንገት ነው። ዛሬ የሚወጡት ጥሩ ጥሩ ፎርኮች ግን ከታች እየሰፉ አንድ ኢንች ተኩል ይደርሳሉ። የቴላዮው የመሪ ቱቦ ውስጡ 34 ሚሊሜትር ከሆነ ያ ፎርክ በምንም ተአምር አይገባም። ቱቦውን በቶርኖ ማስፋት ወይም የፎርኩን አንገት ማስጠረብ የሚመክራችሁ ባለሙያ ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ውስጡ 44 ሚሊሜትር ለሆነ ቴላዮ ብቻ መላ አለ፤ ከታች ወደ ውጭ ወጥቶ የሚቀመጥ የኩሽኔታ ቤት ይሸጣል።

ለቀረነው መፍትሄው ቀጥ ያለ አንገት ያለው ያገለገለ ፎርክ መፈለግ ነው። ስትገዙ የአንገቱን ርዝመት ለኩ። የመጀመሪያው ባለቤት ለራሱ ቴላዮ ልክ ቆርጦታል፤ ያጠረ አንገት አይቀጠልም። እግሮቹ የሚንሸራተቱበትን የሚያብረቀርቅ ክፍል ደግሞ በጥፍር ዳስሱ፤ ጭረት ካለ ዘይቱ በዚያ ይወጣል፣ የደቻቱ አሸዋ በዚያ ይገባል።

አንድ የሳቢያን ልጅ ዘመዱ ከውጭ ያመጣለትን ፎርክ ይዞ መጣ። አንገቱ ልክ ነው፣ ደስ አለው። ግን የፎርኩ አክስል (ጎማው የሚታሰርበት ዘንግ) 15 ሚሊሜትር ነው፤ የሱ ጎማ ባለ 9 ነው። የቪ ፍሬን (ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚቆነጥጠው) መቀመጫም የለውም፣ ለዲስክ ብቻ የተሠራ ነው። አንዱ ፎርክ አዲስ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ጎተተ፣ ሞዞው ዲስክ ጎተተ፣ ዲስኩ የፍሬን መቆንጠጫ ጎተተ። በዚያ ገንዘብ ሌላ ሳይክል ይገዛ ነበር።

ገብቶ ሳይክሏን ከቀየራት ደግሞ ርዝመቱን ጠርጥሩ። 100 ሚሊሜትር ለሚታመቅ ፎርክ በተሠራች ሳይክል ላይ 140 የሚታመቅ ሲገባ ፊቷ ቀና ይላል። ፎርኩ በ20 ሚሊሜትር በረዘመ ቁጥር የመሪው ማዕዘን በግምት አንድ ዲግሪ ወደ ኋላ ይጋደማል። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ የፊት ጎማው ይቅበዘበዛል፣ መሪው እሺ አይልም። የባሰው ግን የማይታየው ነው፤ የረዘመው ፎርክ የቴላዮውን አንገት እንደ ፌሮ ይፈለቅቀዋል። ከድሮው ከ20 ሚሊሜትር በላይ አታስረዝሙ። ብዙ ፎርኮች ደግሞ ውስጣቸው ማሳጠሪያ ስለሚቀበሉ ከመሸጣችሁ በፊት ያን ጠይቁ።

ስትረግጧት ትዘፍቃለች፣ ጉልበት ትበላለች

ቅድሚያ አንድ ነገር ልናገር። የኋላው ሞላ ስም የሌለው፣ ዘይትም አየርም የሌለበት፣ ጥምዝ ሽቦና ዘንግ ብቻ ከሆነ ድካማችሁን አትጨምሩ። ሞላው ይነጥራል እንጂ የሚያረግበው ነገር የለውም። የዚያች ሳይክል ቴላዮም ከባድ ነው። ጎማና ፍሬን ቀይራችሁ ንዷት፣ ሌላውን ተዉት።

እውነተኛ አሞርዛተር ካላት ግን የምትዘፍቅበት የመጀመሪያ ምክንያት ለነጂው ክብደት አለመስተካከሉ ነው። ሁለቱን የማሰሪያ ቡሎኖች ከመሃል ለመሃል ለኩ። ልኩ በጥንድ ቁጥር ይነገራል፦ 165 በ38፣ 190 በ51፣ 200 በ57። የመጀመሪያው ርዝመቱ፣ ሁለተኛው የሚታመቅበት ልክ ነው። እንደምትነዱ ለብሳችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡባት፤ ከሁለተኛው ቁጥር ከ25 እስከ 30 በመቶ ያህል መግባት አለበት። 51 ከሆነ ከ13 እስከ 15 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። የአየር ከሆነ ዘንጉ ላይ ያለችው ጎማ ቀለበት የት እንደቆመች ያሳያል። የሽቦ ከሆነ አንድ ሰው ሜትር ይያዝላችሁ። ልኩን ለማምጣት ማጥበቂያውን ከሁለት ዙር በላይ ማዞር ካስፈለገ ሽቦው ለናንተ ለስላሳ ነው። ጥንካሬው ራሱ ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ፈልጉ።

የአየሩን አሞርዛተር ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ እንዳታስነፉት። ውስጡ ያለው አየር ከጭብጥ አይበልጥም፣ የሚፈልገው ግፊት ግን ብዙ ጊዜ 150 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) እና ከዚያ በላይ ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር እዚያ አይደርስም፤ ቢደርስም አፉን ሲያነሱት ግማሹ ይተነፍሳል። የራሱ ትንሽ ፖምፓ አለው፤ ከሁሉም ዕቃ በፊት እሱ ይገዛ። ሐረር በማለዳ ብርድ የነፋችሁት አሞርዛተር ድሬ ቀትር ላይ ሲደርስ ከ10 ፒኤስአይ በላይ ሊጨምር ይችላል። ሳይክሏ የደረቀች ከመሰላችሁ ዕቃ ከመወንጀላችሁ በፊት ድሬ ላይ እንደገና ለኩ።

«ረዘም ያለ ባስገባ ይበልጥ ትለሰልሳለች» የሚለውን ብዙ ሰው ይሞክረዋል። ርዝመቱ ልክ መሆን አለበት፣ ክርክር የለውም። ሁለተኛው ቁጥር ከበለጠ ደግሞ ጎማው ወደ ላይ ሲመጣ ቴላዮውን ይመታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ አየሩን አስተንፍሱ ወይም ሽቦውን አውልቁ፣ አሞርዛተሩን መልሳችሁ እሰሩና ኋላዋን እስከ መጨረሻ ተጫኑት። ጎማው የትም መንካት የለበትም።

ጉድጓድ ላይ ቋ ትላለች

ሳይክሏን ከኮርቻው ያዙና የኋላ ጎማው መሬት ሳይለቅ ቀስ አድርጋችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ሌላኛው እጃችሁ በየማጠፊያው ላይ ይዙር። ልል ያለበት ቦታ ጣታችሁ ላይ ትክ ይላል።

ብዙ ጊዜ ተጠያቂው በአሞርዛተሩ ጆሮ ውስጥ ያለው ትንሽ ቡሽ (የብረት ቀለበት) ነው። አውጥታችሁ ስታዩት ውስጡ ግራጫ ሽፋን አለው፤ ያለቀው በአንድ ጎን ሽፋኑ ተላጦ ብጫ ብረቱ ያበራል፣ ክቡም ወደ እንቁላል ቅርጽ ሄዷል። ከቆርቆሮ ጣሳ ቆርጦ መሸጎር ለሳምንት ድምፁን ያጠፋል፣ ከዚያ ጆሮውን ራሱን ይበላዋል። ቶርኖ ቤት ከነሐስ አስጠርቡት፤ አሮጌውን ሳይሆን የጆሮውን ቀዳዳና የቡሎኑን ውፍረት ይለኩላችሁ፣ አሮጌው አልቋልና።

ልሉ ማጠፊያው ላይ ከሆነ ኩሽኔታ ነው። እዚህ ድሬ ውስጥ ያለ ትልቅ ጥቅም አለ፤ «የሳይክል ኩሽኔታ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የለም ይሏችኋል፣ ቁጥሩን ከሰጣችሁ ግን የመኪናና የማሽን ኩሽኔታ የሚሸጥበት ሱቅ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ ጎማ ክዳኑ ላይ ታትሟል። ለምሳሌ 6902 ማለት ውስጡ 15፣ ውጩ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የትም አገር ቢሠራ ያው ነው። ስታስገቡት በመዶሻ አትምቱት። ረጅም ቡሎን፣ ሁለት ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ተጠቅማችሁ የውጩን ቀለበት ብቻ እየገፋችሁ ሳቡት።

ጉልበት ስትሰጧት ማርሿ ትዘላለች

ካቴናውን በሜትር ለኩ። ከአንድ ፒን ጀምራችሁ፣ እሱን ሳትቆጥሩ፣ 24 ፒን ቁጠሩ፤ አዲስ ከሆነ 304.8 ሚሊሜትር ነው። 306 ተኩል አካባቢ ከደረሰ ቀይሩት። 308 ካለፈ ካሴቱንም (የኋላውን የጥርስ ስብስብ) በልቶታል፤ ካቴናውን ብቻ ብትቀይሩ ይብሱን ይዘላል። እዚህ ካቴና የሚያልቀው በአሸዋ ነው። የሞተር ዘይት አታፍሱበት፣ አቧራ ሰብስቦ መሞረጃ ይሆናል። ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ከዚያ እስኪደርቅ በጨርቅ ጥረጉት።

አዲስ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ የምትዘለው፣ ያልተጣጣመ ነገር አለ። በሺማኖ የማውንቴን ዕቃ የኋላው ማርሽ ቀያሪ ከባለ 7 እስከ ባለ 9 ይለዋወጣል፤ እጀታው ላይ ያለው መቀየሪያ ግን የካሴቱን ቁጥር መከተል አለበት። የባለ 10 ቀያሪ ሽቦውን የሚጠቀምበት ልክ ሌላ ስለሆነ ከባለ 9 መቀየሪያ ጋር አይስማማም። የድሮ የካሴት ሞዞ ባለ 8፣ 9 እና 10 ይቀበላል። ባለ 12 የሺማኖ ግን የራሱን ሞዞ ይፈልጋል። እኔ ብሆን ባለ 9 ላይ እቆማለሁ፤ ካቴናው ርካሽ ነው፣ ለደንገጎ ዳገትም ከኋላ ባለ 34 ጥርስና ትንሽ የፊት ጥርስ ይበቃል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ይጠፋል

ቪ ፍሬን ከሆነ ሸራውን ቀይሩ፣ ቸርኬውንም በጣት ዳስሱ። ፍሬኑ የሚይዝበት ጎን ወደ ውስጥ ሰርጎ ከሆነ ቸርኬው አልቋል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

የዘይት ፍሬን ከሆነ ደግሞ የማየው ጥፋት አንድ ነው፤ የመኪና ፍሬን ዘይት መጨመር። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። የሺማኖ ፍሬን የሚጠቀመው ሚነራል ዘይት ነው፤ ዶት ከገባበት ውስጡ ያሉት ጎማዎች ያብጣሉ፣ ፍሬኑ አይመለስም። የድሮዎቹ የአቪድ ፍሬኖች ደግሞ ዶት ናቸው፣ ሚነራል ያበላሻቸዋል። የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል፤ ካልተነበበ አትጨምሩ። ወደ ድሬ ስትወርዱ ደግሞ ፍሬኑን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፣ እንደገና ጫን። የጫት መኪና ከኋላ ሲመጣ ቀድማችሁ ዳር ያዙ፣ እሱ አይጠብቅም።

ጎማዋ በየጊዜው ትተነፍሳለች

የግራር እሾህ ነው፤ አሮጌውን እሾህ ከውስጥ ሳታወጡ አዲስ ከመነዳሪ ካስገባችሁ ያንኑ ቀን ትመለሳላችሁ። ጎማውን ገልብጣችሁ ውስጡን በጨርቅ ዳብሱት፤ ጨርቁ የያዘው ቦታ ላይ እሾሁ አለ። በፒንሳ ሳቡት። ከመነዳሪ ስትገዙ ቫልቩ እንደ መኪና ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑን የጎሚስታ ቱቦ ያለ መጋጠሚያ አይነፋውም። ወፍራሙ 8 ሚሊሜትር ተኩል ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ቸርኬው የቀጭኑ 6 ሚሊሜትር ተኩል ከሆነ በመሰርሰሪያ አስፍታችሁ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። ጠባብ ቸርኬ ከሆነ ግን አትንኩት፣ መጋጠሚያውን ግዙ። ጎሚስታውንም «35 ፒኤስአይ ይብቃ» በሉት፤ ዝም ካላችሁት የባጃጅ ያህል ይሞላዋል።