ያረጀች ኮሮላ ዲኤክስ በግቢ ውስጥ ሲታደስ የሚሠሩ ስህተቶች

ኮሮላ ዲኤክስ ቤት ውስጥ ለመጠገን የምትመች መኪና ናት። ባለ 1.3 ሊትሩ 4ኬ ሞተሯ ኮምፒውተር አያውቅም፤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ በጥቂት መፍቻዎች ብዙ ሥራ ይሠራላታል። አብዛኛውን ጊዜ የምትበላሸው የሥራው ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።

ዋናው መዛባት በቀለም መጀመር ነው። መጀመሪያ ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ ዝገት የበላው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዴም እዚያው ይበሳል። ከዚያ በበሮቹ ግርጌና በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው ላሜራ) ዙሪያ ማግኔት አስጠጉ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (ቀዳዳና ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) ነው። ዝገት ላይ የተለበጠ ስቱኮ የደሴን ክረምት አይችልም፤ እርጥበት ከሥር ገብቶ ቀለሙን ያሳብጠዋል። የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ፣ አዲስ ተበይዶ፣ ፀረ ዝገት ከተቀባ በኋላ ነው ቀለም የሚታሰበው። ሲበየድ የባትሪው ገመድ ይነቀል።

ፍሬንን ለመጨረሻ የሚያቆይ ሰው ሳይ እናደዳለሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ በሐረጎ ጠመዝማዛ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ለዓመታት ውሃ የጠጣው ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ሐረጎ ላይ ፍሬኑ ግሎ ዘይቱ እንፋሎት ከፈጠረ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናዋም አትቆምም። ስለዚህ ሞተሩ ከመነካቱ በፊት ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ የኋላው ታምቡር (የፍሬኑ ከበሮ) ተከፍቶ ሸራውና ዘይቱን የሚያሽገው ጎሚኒ ይታይ፤ የተሰነጣጠቀ ቱቦ ይለወጥ። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ቁልቁለቱን በፎሌ (ያለ ማርሽ) መልቀቅም ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ መጣል ነው። ማርሽ አስገብታችሁ ውረዱ።

መኪና በሞቀች ቁጥር ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ክፍል) አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ ክፍት ሆኖ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መፍላቱን የሚያዘገየው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ከላላ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ጥፋተኛ የሚባለው ግን ቴርሞስታቱ ነው። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በጠዋት ብርድ ለመሞቅ ይዘገያል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። ክዳኑን ቀይሩ፣ ራዲያተሩን አሳጥቡ። ነገሩን ቸል ማለት ግን አይቻልም፤ የ4ኬ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ስለሆነ ከመጠን በላይ ከጋለ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል።

ጉልበት ፍለጋ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ የሚያሰፉም አሉ። የደሴ አየር ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ ያጠረው አየር እንጂ ቤንዚን አይደለም። ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትታችሁ ጫፉን እዩ፦ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ አስቀድሞም በዝቷል።

ሞላ ቆርጦ መኪናዋን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ? አይደረግ። የመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ የዘይት ቋቱ ድንጋይ ይመታል።

በክሪክ ብቻ ተነሥታ የቆመች መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ደሴ ደግሞ ደልዳላ ግቢ እንደ ልብ አይገኝባትም። መሬት የነኩት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ይታገዱ፤ ከሥር ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይግባ። ድንጋይ ስለሚሰነጠቅ አይታመንም።

ሞተር ለመለወጥ ያሰበ ሰው ደግሞ የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ እንደሚጻፍ ይወቅ። የግዥውን ሰነድ ይዞ ለውጡን ካላስመዘገበ፣ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ቁጥሩ አይገጥምለትም።