በሰሜን ሸዋ የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት የሚሰጥ ቡድን እንዴት ይዋቀራል?

የአካባቢ ጥበቃን የሚያስተምሩ ሰዎች የአንድ ሙያ ልጆች አይደሉም። አንዱ ከባዮሎጂ ክፍል ይመጣል፣ ሌላው ከግብርና ጣቢያ፣ አንዷ ከጤና ኬላ፣ አንዱ ደግሞ የመንዝን የጓሳ ሣር ምድር ሲጠብቅ ኖሮ። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በጆርጂያ ትብሊሲ ከተማ የተካሄደው የመንግሥታት ጉባኤ የዚህን ትምህርት ግብ በአምስት ከፍሎ አስቀምጦታል፦ ንቃት፣ ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ክህሎትና ተሳትፎ። አምስቱን በአንድ ዲግሪ ጠቅልሎ የያዘ ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ አራት ሰው አቀናጅቶ ማሠራት ግን በየትኛውም ወረዳ ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ለ40 ተማሪዎች የግማሽ ቀን የመስክ ትምህርት ለማዘጋጀት የሚረዳ አሠራር ነው። የክበብ ኃላፊ መምህር ወይም የወረዳ ባለሙያ እንዳለ ሊሠራበት ይችላል።

1. ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ጥያቄ ምረጡ

«ስለ አካባቢ ጥበቃ» በሚል ርዕስ የተጠራ ባለሙያ የሚያውቀውን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ተማሪው ምንም ሳይዝ ይመለሳል። ጥያቄው ከደጃችሁ ይሁን። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከሆናችሁ፦ ኩበቱ ለምን ወደ ማሳ አይመለስም? መንዝ ከሆናችሁ፦ ጓሳው ሲሳሳ ቀይ ቀበሮ ምን ይበላል? ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁ፦ በክረምት የሚወርደው ጎርፍ የማንን አፈር ይዞ ነው የመጣው?

ጥያቄው ራሱ የሚያስፈልገውን ሙያ ይጠራል። ኩበት ማሳው ላይ ሲቀር ማዳበሪያ ነው፣ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ጭስ ነው፤ ስለዚህ የአፈር ሰውና የጤና ሰው ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የምትሠራ ሴት በቀበሌው ካለች ሦስተኛዋ እሷ ናት። ጓሳ ላይ ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት ባለሙያ የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከእረኛ ውሻና ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ፣ ውሻ ማስከተብ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

2. እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚጎድለው እወቁ

መምህሩ ልጅ መያዝ ያውቃል፤ ሰዓት ይጠብቃል፣ ጥያቄ ያነሳል። የሚጎድለው መሬቱ ነው። ከመጽሐፍ የለመደውን ምሳሌ ይዞ ይወጣና እዚያ ኮረብታ ላይ የሌለ ዛፍ ያስተምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከዕለቱ 2 ሳምንት በፊት ከልማት ሠራተኛው ጋር አንድ ጧት ቦታውን ይዙር።

የልማት ሠራተኛው መሬቱን ያውቃል፤ ግን በምን እንደሠለጠነ ጠይቁት። በዕፅዋት፣ በእንስሳት ወይም በተፈጥሮ ሀብት ሊሆን ይችላል፤ እንስሳት እርባታ የተማረውን ስለ እርከን አቁሞ ማናገር እሱንም ተማሪውንም ማጉላላት ነው። ትልቁ ችግሩ ለአዋቂ መናገር መልመዱ ነው። «እርከን ሥሩ፣ ችግኝ ትከሉ» ሲል ልጆቹ ጸጥ ይላሉ። ንግግሩን በ3 ጥያቄ እንዲተካ አድርጉ፦ እዚህ ጋ ውኃው በየት ሄደ? አፈሩ የት ቆመ? ለምን እዚያ ቆመ?

ከዩኒቨርሲቲ የመጣው የደን ወይም የባዮሎጂ ባለሙያ የሳይንስ ስም ይዞ ይመጣል። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ አስታ፣ ጅባራ እያለ እንዲናገር አስቀድማችሁ ተስማሙ። «ብዝኃ ሕይወት» ማለት ካስፈለገ ልጁ ጅባራውን፣ አይጧንና ቀበሮውን ካየ በኋላ ይሁን። ስሙ ያን ጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እያንዳንዱን ቤት ታውቃለች። ስለ ጭስ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ምንጭ ውኃ እንደ እሷ በተጨባጭ የሚናገር የለም።

በጣም የሚባክነው ግን የሽማግሌው ዕውቀት ነው። የመንዝ ሰው አባ ቄራ በሚባል አለቃ በሚመራው፣ «ቄሮ» በተባለው የጋራ የሣር አጠባበቅ ሥርዓት ጓሳን ለዘመናት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈታል፤ ለጣራ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ዛሬ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጓሳ በማኅበረሰቡ ደንብ መልሶ ይጠበቃል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጋበዘው መጨረሻ ላይ «ምርቃት ይስጡን» ተብሎ ነው። ስህተት ነው። አባታችን ብላችሁ ካከበራችኋቸው የመጀመሪያውን ቦታ ስጧቸውና ዝግ የሆነውን ሣር ሌሊት ገብቶ ያጨደ ሰው ምን ይደረግ እንደነበር ጠይቋቸው። ልጆቹ የሚጠይቁት ያኔ ነው። የደብሩን ቄስም እንዲሁ፤ ቡራኬውን ከሰጡ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ያለው ጽድና ወይራ እንዴት ሳይቆረጥ እንደቆየ፣ ለመቁረጥ ማን እንደሚፈቅድ ያስረዱ።

3. በ10 ደቂቃ ፈትኑ

የምስክር ወረቀት አትጠይቁ። እያንዳንዱ ሰው ለ6 ወይም ለ7 ልጆች የ10 ደቂቃ ሙከራ ያድርግ። ሁለት ነገር ቁጠሩ፦ ልጆቹ ስንት ጊዜ ተናገሩ? በእጃቸው ምን ነኩ? ልጆቹ አንድ ጊዜም ካልተናገሩ ሰውየውን አትተዉት፤ ከመምህር ጋር አጣምሩት።

4. ዕለቱን ከፋፍሉ

40 ተማሪ በ4 ቡድን፣ 10 በ10። አራት ቦታ፣ በእያንዳንዱ 25 ደቂቃ፣ ለመዘዋወር 5 ደቂቃ፤ በጠቅላላው 2 ሰዓት። ደጋው ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ስላለ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ ልጅ እጁን ብብቱ ከትቶ አፈር አይነካም። ሸዋ ሮቢት ላይ በተቃራኒው 1:30 ጀምሩና ሙቀቱ ሳይበረታ ጨርሱ።

በየወሩ በ12፣ በ19፣ በ21 እና በ29 በዓል ስለሆነ ገበሬው አይቆፍርም። ለውይይት እነዚህ ቀናት ጥሩ ናቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይገኛል። ጉድጓድ ወይም እርከን ካሰባችሁ ግን ሌላ ቀን ይሁን፤ አለዚያ ወላጅ ልጁን ያስቀራል፣ ትክክልም ነው።

ለአፈር ቦታው የሚሆን ሙከራ፦ 3 ባለ 2 ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ከጎን በኩል በቁመት ክፈቱ። ሦስቱንም ከአንድ ማሳ በመጣ አፈር እኩል ሙሉና እኩል ጠቅጥቁ። አንዱ ባዶ ይሁን፤ ሁለተኛውን በገለባ ሸፍኑ፤ ሦስተኛው ላይ ከ3 ሳምንት በፊት ገብስ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝሩ። ከኋላ ድንጋይ ደግፋችሁ ወደ አፉ አዘቅዝቁ፤ ክዳኑን አውልቁና ሥሩ ብርጭቆ አድርጉ። ግማሽ ግማሽ ሊትር ውኃ ክዳኑ በተበሳ ሌላ የውኃ ፕላስቲክ አርከፍክፉ። ከባዶው አፈር ደፍራሽ ውኃ ይወርዳል፣ ከገብሱ ግን የጠራና ዘግይቶ።

ይህ ሙከራ የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ገብሱ ዘግይቶ ይዘራና ሥሩ አፈሩን ሳይዝ ይቀራል፤ በብርድ ወቅት ዕቃውን ማታ ማታ ቤት አስገቡት። ወይም ውኃው በአንድ ጊዜ ይደፋና ሦስቱንም ይቦረቡራል። ወይም አፈሩ በእኩል ካልተጠቀጠቀ ልዩነቱ ከሽፋኑ ይሁን ከአጠቃጠቁ አይታወቅም፤ ጎበዝ ልጅ ይህን ይጠይቃችኋል።

5. ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለሱ

«ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚመለሰው እናንተ የምትፈልጉት መልስ ነው። «ከቤትህ አጠገብ ውኃው አፈር የሚወስድበትን ቦታ አሳየኝ» በሉ። ከ10 ልጆች ስንቱ እንዳሳየ መዝግቡ።

ባለሙያ በየዓመቱ ይዛወራል፤ በተለይ የልማት ሠራተኛውና መምህሩ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቦታ ጥያቄዎች፣ ዕቃና ደቂቃ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በትምህርት ቤቱ ክበብ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ መስከረም ላይ የሚመጣው አዲሱ ሰው ከዚያ ይጀምራል።